አርባ ሦስተኛው በር

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ! የጫንከው ጭድ መሰለህ?»

የበር ሹሙ ይህን የሚጮኸው ከመጀመሪያው ጋሪ ጎን ጎን እየሮጠ ነው። አርባ ሰባት ዓመት የሞላው፣ ሲገባም ሲወጣም ጎንበስ ካላለ ግንባሩን የበር ጉበን የሚመታው ግዙፍ ሰው በማለዳ ሲሮጥ ማየት የተለመደ አልነበረም፤ ሱቃቸውን በመክፈት ላይ የነበሩ ነጋዴዎች ሁሉ ሥራቸውን ትተው አዩት። ከኋላው ስምንት የበሬ ጋሪዎች ተከታትለው የኮብልስቶኑን ቁልቁለት ይወርዳሉ። የተጫነባቸው እህል አይደለም፤ ባሩድም አይደለም። በር ነው። ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ በር፣ የብረት ኮከብ የተመታበት በር፣ ለድመት ማለፊያ ከሥሩ የተቦረቦረ በር፣ የልጆች ቁመት በየዓመቱ በቢላ ጭረት የተለካበት በር። አርባ ሦስት በሮች፣ በመካከላቸው ጆንያ እየተነጠፈ፣ ከነመቀርቀሪያቸው ተጋድመው ይሄዳሉ።

«ነቃዩ ዛሬ ደግሞ የስንቱን ቤት አራግፎ ነው?» አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ።

«ኧረ ተይ፣ ደህና አድርገሽ እዪው» አለቻት ጎረቤቷ። «ጋሪው እኮ ወደ መጋዘኑ አይደለም የሚሄደው። ከመጋዘኑ ነው የሚመጣው!»

ሁለቱም ሽንኩርቱን ረስተው ቆሙ። በዚያች ከተማ በር ወደ መጋዘኑ ሲገባ ያላየ ሰው የለም፤ ሲወጣ አየሁ የሚል ግን ቢፈለግም አይገኝም።

ማዕረጉ በማኅተሙ ላይ እንደተቀረጸው «የበር ሹም» ነው። ፊት ለፊቱ ሲሆኑ «ጌታው ሹም» ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን ትልቁም ትንሹም የሚጠራው ነቃዩ ብሎ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማዋ ልማድ ግድግዳው የባለቤቱ፣ በሩ ግን የነዋሪው ነው። ሰው ቤት ሲከራይ የራሱን በር በጋሪ ጭኖ ይመጣል፤ ሲለቅም ነቅሎ ይሄዳል። ጥንታዊው የደፍ ሕግ ቤትን በሦስት ነገር ብቻ ያውቀዋል፦ የተነጠፈ ደፍ፣ በራሱ እግር የቆመ በር፣ ሲንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» የሚል መላሽ። ሦስቱ ከተሟሉ ጎጆም ይሁን ግንብ ቤት ነው። ዳኛ ወር ሙሉ ተቀምጦ ነገሩን ሰምቶ ካልፈረደ በቀር፣ ባለ ሠራዊትም ቢመጣ ከዚያ ሰው ማስወጣት አይችልም። ዳኛው ከፈረደ ግን የበር ሹሙ ይመጣል፤ የሕጉን ሦስት ቃላት፣ ደፍ፣ በር፣ መላሽ ብሎ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ትከሻውን ከበሩ ሥር አስገብቶ አንዴ ሽቅብ ይለዋል። በሩ ይነቀላል። በር የሌለው ቤት ቤት አይደለምና ነዋሪው ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል፤ በሩም ሰውየው ሌላ ቤት እስኪያሳይ ድረስ መጋዘን ይቀመጣል።

ታዲያ በር የሌለውን ሰው ማን ያከራየዋል? ቤት ለሌለው ሰውስ ማን በሩን ይመልስለታል? ሹሙ በዚህ ቀለበት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲዞር ቀለበት መሆኑ አልታየውም ነበር። የታየው ከሦስት ቀን በፊት ነው።

ከሦስት ቀን በፊት ከላይ ተሹሞ የመጣው አዲሱ ሻለቃ በገበያው መካከል ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ አስነገረ። ሻለቃው ጫማው ላይ አቧራ ቢያርፍ የማይተኛ፣ ወንበር እንኳ ተስተካክሎ ካልተቀመጠ የማይቀመጥ ሰው ነው። በገበያው ቅስቶች ሥር ተደርድረው የሚያድሩትን አርባ ሦስት ቤተሰቦች ባየ ጊዜ ያየው ሰው ሳይሆን መዝረክረክ ነበር። «ከሦስተኛው ቀን የማታ መለከት በኋላ፣ ቤት የሌለው ሰው በግንቡ ውስጥ አይገኝም» አለ። ከግንቡ ውጪ ያለው ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ የሚውጠው ረግረግ ነው። ሰማዩም ከተራራው ወዲህ መጥቆር ከጀመረ ሳምንት አልፎታል።

ሹሙ በዚያ ሌሊት ዓይኑ አልተከደነም። ከአርባ ሦስቱ መካከል አንዷ ታላቅ እህቱ ናት።

እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። አዝላ ያሳደገችው፣ ጆንያ እየሰፋች ያበላችው፣ ጥርሱ ሲነቀል ያባበለችው እሷ ናት። ባሏ ሞቶ፣ ጣቶቿም መርፌ አልይዝ ብለው ኪራይ ሲያቅታት፣ ዳኛው ፈረደ። በሩን የነቀለው የገዛ ወንድሟ ነው። ሌላ ሰው እንዲልኩ መለመን ይችል ነበር፤ ግን ሥራ ሥራ ነው ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሄደ፤ ሦስቱን ቃላት ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ አነበበ፤ ነቀለ። ከዚያ በኋላ «እትዬ፣ የኔ ቤት አለልሽ» ቢላት፣ ትክ ብላ አየችውና «ከዛሬ ጀምሮ አፌ ላንተ ተዘግቷል» አለችው። ይኸው ሁለት ዓመት፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። ምግብ ቢልክ ለጎረቤት ታድለዋለች፤ ብርድ ልብስ ቢልክ በተላከው ሰው እጅ ትመልሰዋለች። ቃል ከገባች ገባች ነው፤ አባታቸውም እንዲሁ ግትር ነበር ይላሉ።

እንግዲህ የዚያን ሌሊት ተነስቶ ወደ መጋዘኑ ሄደ። የእህቱ በር ከሌሎቹ ተለይቶ ጥግ ላይ ቆሟል። በየሳምንቱ ዘይት ስለሚቀባው ያብለጨልጫል። ያን በር ሲያይ፣ ከዚያም በግራና በቀኝ እስከ ጣሪያ የተደረደሩትን ሲያይ፣ በጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር ቦታው ገባ። በማለዳ ከንቲባው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ከንቲባው ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሁልጊዜ ከፍርሃታቸው ሁለት እርምጃ ኋላ ነው።

«ልጄ፣ ምን ላድርግ?» አሉት፣ ገና ከነሌሊት ቆባቸው። «መጠለያ እንዳልሠራ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ሸረሪት ብቻ ነው። እንጨት የለ፣ ሚስማር የለ፣ ደመወዝ የምከፍለው ግንበኛ የለ።»

«በር አለን ጌታዬ። አርባ ሦስቱም የሰዎቹ የራሳቸው ነው። የድሮው የፈረሰኛ ጋጣ ደግሞ አለ። ፈረሶቹ በጦርነቱ ካለቁ ወዲህ ነፋስ እንጂ ያደረበት የለም። ጣሪያው አያፈስም፤ የእያንዳንዱ ፈረስ ክፍል ሦስት ግድግዳው ደህና ነው። የጎደለው የፊቱ ብቻ ነው።»

«ግንበኛውስ?»

«ከገበያው ቅስት ሥር ተኝቷል። አናጢውም እዚያው ነው። እነሱኮ ድሮ ሥራ ነበራቸው ጌታዬ፤ ቤት ሲያጡ ነው ሰው ሥራቸውን የረሳው።»

ከንቲባው ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ሹሙም ጊዜ አልሰጣቸውም። «ሁለተኛ ደግሞ የምለምነው አለ። ከእንግዲህ በር ከመንቀሌ በፊት ሦስት ወር ቀደም ብዬ ላንኳኳ። እኔ እኮ ማን ሊወድቅ እንደሆነ ከዳኛው በፊት አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሹክ ይለኛል። አንዱ ሥራ ቢገኝለት ይበቃዋል፣ አንዷን የቤቱ ባለቤት አንድ ክረምት ቢታገሣት ትነሳለች። ያን ጊዜ ብናንኳኳ ቅስት ሥር የሚወርድ ሰው አይኖርም። እኔ ግን ሁልጊዜ የምደርሰው ነገር ካበቃ በኋላ ነው።»

«የመጀመሪያውን ፈቅጃለሁ» አሉ ከንቲባው ቆባቸውን መልሰው እየደፉ። «ሁለተኛውን… እስቲ መጀመሪያ ከሻለቃው እጅ በሕይወት ውጣ።»

ሁለቱን ቀን ጋጣው ሲታመስ ዋለ። ሹሙ የእያንዳንዱን በር ቁመትና ወርድ በቋጠሮ የያዘባቸውን ክሮች አመጣ፤ ግንበኞቹ በየክሩ ልክ የጋጣዎቹን አፍ በድንጋይና በጭቃ አጠበቡ። ሴቶች ጭቃ ረገጡ፣ ሽማግሌዎች ደፍ ጠረቡ፣ የፈረሶቹ ግርግም ተፈልጦ መቃንና ጉበን ሆነ። ከንቲባው ግን ሻለቃውን ፈርተው በሮቹን የሚያስወጣውን ወረቀት ሳያትሙ ቆዩ፤ ማኅተሙ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ግዙፍ ሰው ዛሬ ከጋሪ ጋር እየተሽቀዳደመ ያለው። ከአሁን እስከ ማታው መለከት ድረስ አርባ ሦስት በር መቆም አለበት።

ጋሪዎቹ ጋጣው ግቢ ሲደርሱ አቀባበሉ የሠርግ ሙሽራ የመጣ አስመሰለው። ሰዉ በሩን በሩቁ ያውቀዋል። «ያ የኛ ነው! ያ ባለ ኮከቡ!» እያለ ሮጠ። አንድ ሸማኔ በሩን እንዳገኘ መጀመሪያ ያደረገው የልጆቹን የቁመት ጭረት በጣቱ መዳበስ ነበር፤ ሁለተኛው ልጁን ጠርቶ ከበሩ ጋር አቆመውና «ዛሬማ ይህን ሁሉ አድገሃል?» ብሎ ጮኸ። ሹሙም ሊያለቅስ መሆኑን እንዳያዩበት በሬዎቹን ተቆጣ።

አናጢው አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲናገር መዶሻውን የሚያወዛውዝ ሰው ነው። እሱና ሹሙ ሥራውን ተከፋፈሉት። በዚያች ከተማ በር የሚዞረው ከላይና ከታች በወጡለት ሁለት የእንጨት ጉጦች ነው፤ የታችኛው ጉጥ በደፉ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ የላይኛው በጉበኑ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የላዩን ታስገባለህ፣ ሽቅብ ትገፋዋለህ፣ ከዚያ የታቹን ጉድጓዱ ላይ ታሳርፈዋለህ። ሹሙ ነቅሎ እንጂ ሰቅሎ አያውቅም፤ የመጀመሪያውን በር ገልብጦ አቆመው። የድመቷ ቀዳዳ ከላይ ሆነ።

«ድመቷ ክንፍ አላት እንዴ ጌታው ሹም?» አለው አናጢው፤ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሹሙም ሳቀ። ሰው በሱ ሲስቅ አብሮ የሳቀበት ቀን ትዝ አይለውም።

እኩለ ቀን ሲሆን ሃያ በር ቆሟል። ጥላው መርዘም ሲጀምር ሠላሳ ስድስት። ሹሙ ላቡን በክንዱ እየጠረገ የእህቱን በር ራሱ ተሸክሞ ወደ መጨረሻው ጋጣ ሄደ፤ ለማንም አልሰጠውም። እትዬ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። በሩን አየችው። ተነስታ እጇን ሰደደችና ጣውላውን ዳሰሰችው፤ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ዘይት። ሁለት ዓመት መጋዘን የቆየ በር አቧራ የለበትም።

ሹሙ በሩን አቁሞ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። እትዬ በሩን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ዞር ብላ በረድፉ የቆሙትን በሙሉ አየች፤ ከዚያ አናጢውን ጠራችው።

«አናጢ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ» አለች፣ ያ ሰውዬ ከክንዷ የማይርቅ ቦታ ቆሞ ሳለ። «በሮቹን የሰቀላቸው ነገ ተመልሶ ሊወስዳቸው ነው ወይ በልልኝ።»

አናጢው ሁለቱን ተራ በተራ አየ። «ምን ማለትዎ ነው እሜቴ?»

«ያን ቀን ቆሜ እያየሁ ነበር። ትከሻውን ከሥሩ አስገባ፣ አንዴ ሽቅብ አለ፣ የኔ በር እንደ ድስት ክዳን ተነሳ። ይኸውና ዛሬም እንዲያው አድርጎ ነው ያቆመው። ሻለቃው ሞኝ ነው ብሎ ማን ነገረው? በልልኝ።»

«ኧረ እሜቴ፣ በከተማችን በር ሁሉ እንዲህ ነው የሚሰቀለው! ሰው ሲለቅ በሩን ነቅሎ መሄድ አለበት እኮ…»

አናጢው ንግግሩን አልጨረሰም። ሹሙ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እውነቷን ነው። ከተማው ሁሉ በሩን የሚሰቅለው ነገ ነቅሎት ሊሄድ ነው፤ ጉበኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ከጉጡ ሁለት ጣት ያህል የሚጠልቀው ለዚያ ነው። በዚያች ሁለት ጣት ክፍተት እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንጀራውን በልቷል። እነዚህ ሰዎች ግን የሚሄዱበት የላቸውም፤ እሱም በለመደው እጁ የሚነቀሉ በሮች አቁሞላቸዋል።

ቀና ብሎ ጉበኑን አየ። በርን ከመነሳት የሚያግደው ምን እንደሆነ በከተማዋ እንደሱ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሕይወቱን ሁሉ የተመኘው ያ ነገር እንዳይኖር ነበርና።

«መሰርሰሪያ!» ብሎ ጮኸ። «አናጢ፣ መሰርሰሪያ አምጣ! ከጉበኑ ፊት ለፊት ብሳው፤ ከጉጡ አናት በላይ ልክ ባዶው ቦታ ላይ። በዚያ ችንካር እንመታበታለን፤ ጉጡ የሚነሳበት ሰማይ ያጣል። ችንካሩን ከደረቅ እንጨት ጥረቡት፤ ዝናብ ሲነካው ያብጣል፤ ካበጠ እኔም ብሆን አላወጣውም!»

«ለእሜቴ ምን ልበልልህ?» አለው አናጢው እየሮጠ።

«ልክ ነሽ ብሏል በልልኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግቢው ለብዙ ዓመት አውርቶታል። ሁለት መሰርሰሪያ ብቻ ስለነበራቸው ወንዶቹ እየተፈራረቁ አንዱ ሲደክም አንዱ ያዘ። የቀረው ሰው ሁሉ፣ ቢላ ያለው በቢላ፣ ጠገራ ያለው በጠገራ፣ የተረፈውን ግርግም እየፈለጠ ችንካር ጠረበ። እትዬ ጣቶቿ መርፌ ባይዙላትም፣ ችንካሩን በመዳፏ ጨብጣ በድንጋይ ላይ አሾለች። ስድስቱ የቀሩት በሮችም ቆሙ። ሹሙ መሰላል ሳያስፈልገው ከበር በር እየዞረ በመዶሻ መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ችንካሩ ከጉበኑ ጋር እኩል ይሆናል፤ ወደሚቀጥለው። አርባኛው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ አንገቱ ላይ አረፈ። አርባ ሦስተኛውን ሲመታ መለከቱ ተነፋ።

ሻለቃው በሰዓቱ መጣ፤ ያው በሰዓቱ ካልመጣ ያመዋል። ሃያ ጦረኞች ከኋላው፣ ከንቲባው በጥላ ከጎኑ። ግቢው ባዶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ገብቶ መቀርቀሪያውን ዘግቷል። በጋጣው ርዝመት አርባ ሦስት በሮች ተደርድረው ዝናብ ይወርድባቸዋል፤ ሹሙ ብቻ የሥልጣን በትሩን ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በመካከሉ ቆሟል።

«ይህ ምንድነው?» አለ ሻለቃው።

«ቤት ነው፣ ጌታዬ ሻለቃ። አርባ ሦስት ቤት። ደፍ አለው፣ በር አለው፣ መላሽ አለው።»

«ትናንት የፈረስ ጋጣ ነበር።»

«የትናንቱን ሕጉ አይጠይቅም ጌታዬ።»

ሻለቃው በረድፉ ፊት ተራመደ። በሮቹ በቀለምም በመጠንም የማይመሳሰሉ ቢሆኑም ቀጥ ብለው መቆማቸውን ሳይወድ በግዱ ልብ አለ። እስከ መጨረሻው ሄዶ ከአርባ ሦስተኛው ፊት ቆመ።

«ጧት የተለጠፈ ጣውላ ማታ በር ነው ብላችሁ ልታታልሉኝ ነው? ሕጋችሁን አንብቤዋለሁ፤ በራሱ እግር የቆመ ይላል። አንተ የበር ሹም ነህ አይደል? በዚህ ከተማ ካንተ ትከሻ የሚያመልጥ በር የለም ብለው ነግረውኛል። እንግዲህ ይህን አንሳው። ከተነሳ በር አይደለም፣ ክዳን ነው፤ ሁሉም ዛሬውኑ ከግንቡ ይወጣሉ፣ አንተም አብረህ ትወጣለህ።»

«ጌታዬ ሻለቃ…» አሉ ከንቲባው፣ «በከተማችን እሱ የማያነሳው በር…»

«እኔም ያልኩት እሱኑ ነው።»

«በሙሉ ጉልበትህ» ሲል ጨመረ ሻለቃው። «በበትርህ ማል።»

ሹሙ በትሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ማለ። በትሩን ለከንቲባው ሰጥቶ ጎንበስ አለና ትከሻውን ከበሩ ሥር አስገባ። ከጣውላው ወዲያ የእህቱ ትንፋሽ ተሰማው፤ በሩ ጀርባ ቆማለች። ያን ቀንም እዚሁ ሥር ሆኖ ትንፋሿን ሰምቶ ነበር። ማስመሰል ይችላል፤ ፊቱን አጨማዶ ማቃሰት ማንም ይችላል። ግን ምሏል፤ ከመሐላውም ይልቅ ማወቅ ፈለገ። ሽቅብ አለ።

በሩ አልተነሳም።

እግሩን አስተካክሎ፣ አየር ስቦ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመውን ብልሃት ሁሉ አምጥቶ እንደገና ሽቅብ አለ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ጫማው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ የሸሚዙ ስፌት ከትከሻው ላይ ተተረተረ። ጉበኑ ሲጥጥ አለ። ችንካሩ ግን ውሃ ጠጥቶ አብጧል። በሩ ከደፉ ላይ የፀጉር ያህል እንኳ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛ ሲሞክር እግሩ ከዳውና ጭቃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ተቀምጦም ሳቀ። እንዲህ በመሸነፉ ደስ ያለው ሰው ጦረኞቹ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። አንዱ ጦረኛ አብሮት ሊስቅ ሲል ሻለቃው ገላመጠው።

«መላሹስ?» አለ ሻለቃው፤ ድምፁ ግን እንደቅድሙ አልነበረም። «አንኳኳ።»

ሹሙ ብድግ አለ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሌላ በር ቢሆን በደስታ ባንኳኳ ነበር። ከዚህ በር ወዲያ ያለችው ሴት ግን አፌ ተዘግቷል ያለች ሴት ናት፤ ዛሬ እንኳ ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል ለማለት በአናጢ አፍ ነው የተናገረችው። ዝም ካለች አርባ ሦስቱም ቤት ዝም አለ ማለት ነው። ማንኳኳቱንስ ታውቀዋለች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት አድርጎ ነው የሚያንኳኳው። አቀያይሮ ቢያንኳኳስ? እጁን አነሳ። አላቀያየረም።

ኳ ኳ። ኳ።

ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ከንቲባው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በየበሩ ጀርባ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ሻለቃው ወደ ጦረኞቹ ሊዞር ትከሻውን አንቀሳቀሰ።

«ማነው?»

ድምፁ ጎላ ያለ፣ የቤት ባለቤት ድምፅ ነበር። በረድፉ ሁሉ ከየበሩ ጀርባ ጭብጨባና እልልታ ፈነዳ። ከንቲባው ጥላቸውን ለቀው ጥላው በነፋስ ግቢውን አቋረጠ፤ እሳቸውም በዝናቡ መካከል፣ እንደ ጎበዝ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ሦስቱም ተሟልተዋል ጌታዬ ሻለቃ! እነዚህ ቤቶች ናቸው!» አሉ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዘወር ብለው፣ «ሁለተኛውም ተፈቅዷል፤ ከነገ ጀምረህ አንኳኳ» አሉት። ሻለቃው ረድፉን አንዴ ከዳር እስከ ዳር አየ። ሕግ የሚያከብር ሰው ነበር፤ ይህ እንኳ ሊካድ አይገባም። ለጉበኑ ይሁን ለችንካሩ ባይታወቅም፣ አጭር ሰላምታ በእጁ ሰጥቶ ጦረኞቹን ወደ ሰፈራቸው መለሰ።

ሹሙ ግን ገና ከበሩ ፊት ነው።

«ማነው አልኩ እኮ!» አለ ድምፁ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«የበር ሹም ነኝ» አለ።

«የበር ሹም አላውቅም።»

አሁን በየረድፉ በሮች ገርበብ ገርበብ ብለው ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያያል። አናጢው መዶሻውን ጉንጩ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሏል። ሹሙ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነቃዩ ነኝ።»

«እሱንማ ጭራሽ አላውቅም!»

ግዙፉ ሰው ግንባሩን እርጥቡ ጣውላ ላይ አስደገፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ አልቅሶ የማያውቀው ሰው በከተማው ፊት እያለቀሰ፣ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ በዚያች ሴት ጀርባ ላይ ሆኖ የተጠራበትን ስም ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ማሙሽ ነኝ፣ እትዬ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መቀርቀሪያው ሲጥ አለና በሩ በችንካሩ ሥር በዝግታ ዞሮ ተከፈተ። እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?» አለችው። «ግባ እንጂ፤ ዝናቡ እኮ ወደ ቤቴ እየገባ ነው።»

ማሙሽ ጎንበስ ብሎ በጉበኑ ሥር አለፈ፣ ደፉን ተሻገረ፤ ከዚያም ዞሮ በሩን ዘጋው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የበር ሹመቱ የሰው በር በእጁ ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር።